ዕድሜ ልክ የማይታደስ ፕሮቲን

አዲስ አበባ ውስጥ ከጎፋ ወደ ሜክሲኮ ሲኬድ የሚታለፈው ቄራ ለሥጋ ብቻ ሳይሆን ለሳይንስ ትምህርትም ይሆናል። የታረደ በሬ ዓይን ቢከፈት ከብሌኑ በስተጀርባ ጠንከር ያለ፣ ጥርት ያለ አካል ይገኛል፤ ጋዜጣ ላይ ቢያስቀምጡት ፊደሉ ይነበብበታል። ሌንስ የሚባለው እሱ ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሞርነር እ.ኤ.አ. በ1894 የሌንስን ፕሮቲኖች ለይቶ የገለጸው በከብት ዓይን ላይ ሠርቶ ነው።

ጥርት ያለ ነገር ባዶ ይመስላል። ሌንስ ግን ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ በሰውነታችን ውስጥ እንዲህ በፕሮቲን የታጨቀ ሌላ ክፍል ማግኘት ይቸግራል። ታዲያ ለምን አይደፈርስም? እንቁላል ሲቀቀል ነጭ የሚሆነው ፕሮቲን ስለተጨመረበት አይደለም፤ የነበረው ፕሮቲን ቅርጹን ለቆ እርስ በርሱ ስለተጣበቀ ነው። ወሳኙ የፕሮቲኑ ብዛት ሳይሆን አቀማመጡ ነው ማለት ነው።

በሌንስ ውስጥ ያሉት ዋነኞቹ ፕሮቲኖች ክሪስታሊን ይባላሉ፤ አልፋ፣ ቤታና ጋማ ተብለው ይከፈላሉ። እያንዳንዱ ቅንጣት የሚያርፍበትን ብርሃን በትንሹም ቢሆን ይበትናል። ቅንጣቶቹ ተራርቀው በዘፈቀደ ቢቀመጡ የተበተነው ብርሃን ተደምሮ እይታን ያደበዝዝ ነበር። ተጠጋግተው ሲታጨቁ ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት ተቀራራቢ ይሆናል፤ ከአንዱ የተበተነው ሞገድ የሌላውን ያከስመዋል፣ የቀረው ብርሃን ቀጥ ብሎ ወደ ሬቲና ያልፋል። ይህንን ፈረንሳውያኑ ሚሬይ ደላዬና አኔት ታርዲዩ እ.ኤ.አ. በ1983 በሙከራ አሳይተዋል። መጨናነቁ ራሱ ነው ጥራቱን የሚሰጠው።

ሌንሱ ለዚህ ሲል ብዙ ነገር ትቷል። የደም ሥር የለውም። የውስጥ ሕዋሳቱ ሲጎለምሱ ብርሃን እንዳያደናቅፉ ኒውክለሳቸውንና ኃይል የሚያመነጭላቸውን ማይቶኮንድሪያ ሳይቀር ያስወግዳሉ። ኒውክለስ የሌለው ሕዋስ ደግሞ አዲስ ፕሮቲን መሥራት አይችልም። ስለዚህ በሌንሳችን መሐል ያለው ፕሮቲን እናታችን ማህፀን ሳለንና በሕፃንነታችን የተሠራው ነው። የዴንማርክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በክሪስታሊን ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 ለክተው ሰውዬው የተወለደበትን ዘመን መገመት ችለዋል።

ሰባና ሰማንያ ዓመት ሳይታደስ የሚቆይ ፕሮቲን መጎዳቱ አይቀርም። እዚህ ላይ አልፋ ክሪስታሊን ሌላ ሥራ አለው። ጆሴፍ ሆርዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1992 እንዳሳየው፣ ቅርጻቸው መፈታት የጀመረ ፕሮቲኖችን ይዞ ከሌሎች ጋር እንዳይጣበቁ ይከላከላል። ችግሩ የሚይዛቸውን አለመልቀቁ ነው፤ ቀስ በቀስም ያልቃል። ዕድሜ አርባን ሲሻገር በሌንሱ መሐል ያለ ሥራ የሚጠብቅ አልፋ ክሪስታሊን እጅግ ይመናመናል።

ሥርዓቱ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለማየት ከወጣት ጥጃ ዓይን የወጣ ሌንስ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ሲቀዘቅዝ ጋማ ክሪስታሊኖቹ ይሰባሰቡና መሐሉ ነጭ ይሆናል፤ ሲሞቅ ተመልሶ ይጠራል። በሰው ላይ በእርጅና የሚመጣው ግን መመለሻ የለውም። ፕሮቲኖቹ ተጣብቀው ትልልቅ ክምር ይሠራሉ፣ ክምሩም ብርሃኑን ይበትነዋል። የዓይን ሞራ የምንለው ይህ ነው።

ብዙ ሰው ሞራ ከውጭ ዓይንን የሚሸፍን ቆዳ ይመስለዋል፤ ይፋቅልኝ የሚልም አለ። የሚፋቅ ነገር የለም፤ የደፈረሰው ሌንሱ ራሱ ነው። በጠብታም አይሟሟም። እ.ኤ.አ. በ2015 ላኖስቴሮል የተባለ ውሕድ በእንስሳት ላይ ሞራን እንደቀነሰ ተነግሮ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሲሞክሩት ግን አልሠራም። እንዲያውም አንዳንድ ጠብታ ሞራን ያመጣል። ለሚያሳክክ ዓይን ከፋርማሲ እየተገዛ ለወራት የሚጨመር፣ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ከነዚህ አንዱ ነው፤ ግላኮማንም ያስከትላል። የስኳር ሕመም፣ ሲጋራና የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ሌንስን ይጎዳሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ጨረሩ ከቆላው ይበረታል፤ ቀኑን ሙሉ ደጅ ለሚነግድ ሰው ሰፊ ባርኔጣ መድኃኒት ነው ብል አላጋነንኩም።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፤ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ይህን መንገድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ነው። ሙሉ ዓይን አይቀየርም፤ የዓይን ባንክ የሚሰበስበውም ሌንስን ሳይሆን ከፊት ያለውን ኮርኒያ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው ወራት ወይም ዓመታት በኋላ «ሞራው ተመለሰብኝ» የሚሉ ሰዎች ያጋጥማሉ። ክሪስታሊኑ ከነሌንሱ ስለወጣ ሊመለስ አይችልም። የሆነው ሌላ ነው፤ አዲሱን ሌንስ የያዘው ስስ ከረጢት ላይ የቀሩ ሕዋሳት ተራብተው ጀርባውን ያደፈርሱታል። ሐኪሙ በሌዘር መሐሉን ይከፍተዋል፣ ታካሚውም በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።