ብላቴናው ዳዊት የሳኦልን ጥሩር ስላወለቀበት ምክንያት

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ፥ ይኸውም በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ፥ በ17ኛው ምዕራፍ እንደ ተነገረ፥ ፍልስጥኤማዊው ጎልያድ በኤላ ሸለቆ 40 ቀን እየወጣ የእስራኤልን ጭፍራ ሲገዳደር፥ ከእሴይ 8 ልጆች የመጨረሻው ዳዊት እኔ እገጥመዋለሁ ብሎ ተነሣ። ሳኦልም የናስ ቍር ደፋለት፤ ጥሩሩንም አለበሰው። ዳዊት ሰይፉን ታጥቆ ለመራመድ ቢሞክር አልሆነለትም። አለመልመዱንም ለንጉሡ ገልጦ ሁሉን አወለቀ።

ስለ ምን አወለቀው ቢሉ፥ ልኩ ስላልሆነ ነው። ሳኦል ከሕዝቡ ሁሉ በትከሻ የሚበልጥ ሰው ነበርና። አንድም፥ በበግ ጥበቃው የለመደው በትርና ወንጭፍ ስለ ሆነ ነው። አንድም፥ ራሱን ስላወቀ ነው፤ የነገሩም ምሥጢር በዚህ ላይ ያርፋል። የንጉሥ ልብስ ነውና ቢከብደኝም ልልበሰው አላለም፤ የንጉሡን ልብስ መልበስ ካልቻልሁ ሰልፉን ልተው ደግሞ አላለም። ሌላው የሚችለውንና እርሱ የሚችለውን ለይቶ በሚችለው ሄደ።

ከልጅነት ወደ ጕልማሳነት መሻገሪያ የሆነው ዘመን ይህ ነገር የሚፈተንበት ነው። የብላቴናው ቁመናና ድምፅ ይለወጣል፤ ልቡም እኔ ማን ነኝ፥ ምንስ እችላለሁ እያለ ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ ሁለት ነገር ያሰናክለዋል። አንደኛው የኤልያብ ቍጣ ነው። ታላቅ ወንድሙ በጥቂት በጎቹ ተሣልቆበታል፤ በትዕቢትም ከሶታል። ሁለተኛው የሳኦል ጥሩር ነው። ሳኦል ግን የሚረዳው መስሎት የራሱን አለበሰው። አባት በዳኝነት የከበረ እንደ ሆነ ልጁን ያለ ጠባዩ ወደ ዳኝነት ይገፋዋል፤ መምህርም በዜማ የታወቀ እንደ ሆነ ለትርጓሜ የሚሆነውን ደቀ መዝሙር በዜማ ያስቀረዋል። ይህ በፍቅር ስለሚመጣ ከንቀት ይልቅ ለመለየት ይከብዳል።

እንግዲህ የዳዊት ድፍረት ከወዴት መጣ ቢሉ፥ ከምስጋና አልመጣም። ከመንጋው በግ ሊነጥቁ የመጡትን አንበሳና ድብ በምድረ በዳ ስለ ገደለ ነው። በካናዳ የተወለደው የሥነ ልቡና ሊቅ አልበርት ባንዱራ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. በጻፈው ጽሑፍ፥ ሰው ይህን እችላለሁ ብሎ የሚታመንባቸውን 4 ምንጮች ቈጥሯል። እነርሱም ራሱ ሠርቶ መፈጸሙ፥ መሰሉ ሲሠራ ማየቱ፥ የሰው ማበረታቻ ቃል፥ የገዛ ሰውነቱ ፍርሃት ወይም ጸጥታ ናቸው። ከሁሉ የሚበረታው ፊተኛው ነው አለ።

ይህን የቅኔ መምህራን በሥራ ያውቁታል። ተማሪውን 2 ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምሩታል እንጂ 8 ቤት ባለው መወድስ አይጀምሩትም። የተበላሸውን ያርሙለታል፤ የቀናውን ይቀበሉለታል። ትንሹን በራሱ ከፈጸመ በኋላ ትልቁን ይደፍራል። ለእርሱ ጉባኤ ቃናው እንደ አንበሳውና እንደ ድቡ ነው።

በራስ መታመን ትዕቢት አይደለምን ቢሉ፥ አይደለም። ትዕቢተኛ ያልሠራውን ሠራሁ ይላል፤ የሠራውንም ከራሱ ብቻ ያደርገዋል። ዳዊት ግን የሠራውን ብቻ ተናገረ፥ ያዳነውም እግዚአብሔር እንደ ሆነ መሰከረ። ራስን ማሳነስም ዘወትር ትሕትና አይሆንም፤ የተቀበለውን መክሊት በምድር የቀበረው አገልጋይ አልተመሰገነምና።

ስለዚህ ልጅ የምታሳድጉ፥ ደቀ መዝሙርም የምታስተምሩ ሆይ፥ ለብላቴናው በዐቅሙ የሚፈጽመውን ሥራ አስቀድማችሁ ስጡት፤ የፈጸመውንም አታቃልሉበት። ያለበሳችሁትን ቢያወልቅ እንደ ናቃችሁ አትቍጠሩት። ሳኦል ጥሩሩ በወለቀ ጊዜ ተቈጣ የሚል አልተጻፈም። ብላቴናው ከወንዝ 5 ድንጋዮች መርጦ በኮሮጆው እስኪከት ድረስ ጊዜ አግኝቷል፤ እናንተም ለልጆቻችሁ ይህን ጊዜ አትንፈጓቸው።