የዛፍ ቅርፊት የተነጠፈባቸው የዩጂን የሩጫ መንገዶች

የአትሌቲክስ ወዳጅ የሆነ ኢትዮጵያዊ ዩጂን የምትባለውን የአሜሪካ ከተማ የሚያውቃት በስታዲየሟ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና እዚያ ሲካሄድ ታምራት ቶላና ጎተይቶም ገብረሥላሴ በማራቶን፣ ለተሰንበት ግደይ በ10,000 ሜትር፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ5,000 ሜትር ወርቅ አጠለቁ፤ ኢትዮጵያም በ4 ወርቅ፣ በ4 ብርና በ2 ነሐስ ከዓለም ሁለተኛ ሆና ተመለሰች። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ጉዳፍ ወደዚያው ስታዲየም፣ ወደ ሄይዋርድ ፊልድ፣ ተመልሳ 5,000 ሜትሩን በ14 ደቂቃ ከ00.21 ሰከንድ በመጨረስ የዓለም ክብረ ወሰን ጨበጠች። ቴሌቪዥን ያሳየን ይህንን ነው። ከስታዲየሙ ራቅ ብሎ የዊላሜትን ወንዝ በእግረኛ ድልድይ የሚሻገር ሰው ምን እንደሚጠብቀው ግን አላየንም። ዩጂንን የሯጮች ከተማ ያደረጋት ሀብት ያለው እዚያ፣ በዛፎች መካከል በሚጠማዘዘው ለስላሳ መንገድ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዩጂን በኦሪገን ግዛት፣ ከፖርትላንድ በስተደቡብ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ርቃ፣ በዊላሜት ሸለቆ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ 175 ሺህ ገደማ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ዙሪያዋ ደን ስለሆነ ለረጅም ዘመን በጣውላ ሥራ ኖራለች። እነዚህ ሁለቱ፣ ዩኒቨርሲቲውና ጣውላው፣ የሩጫ መንገዶቿም ወላጆች ናቸው።

የዩኒቨርሲቲው አትሌቲክስ አሠልጣኝ ቢል ባወርማን እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ ወደ ኒው ዚላንድ ተጉዘው የታዋቂው አሠልጣኝ የአርተር ሊዲያርድ እንግዳ ሆኑ። እዚያ ያዩት አስደነቃቸው። ሻምፒዮኖች ብቻ ሳይሆኑ ተራው ሰው፣ ሴቱም ሽማግሌውም ሳይቀር፣ ኮረብታው ላይ ዱብ ዱብ ይላል። ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈና የልብ ሕመም የደረሰባቸው አንድ አዛውንት ዳገት ላይ ወደ ኋላ የቀሩትን የ51 ዓመቱን አሠልጣኝ እየጠበቁ አጀቧቸው። ባወርማን አገራቸው ሲመለሱ የከተማውን ሰው ለሶምሶማ ጠሩት፤ ከአንድ የልብ ሐኪም ጋር ሆነውም ስለ ሶምሶማ ሩጫ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ መንገድ ላይ ያለ ውድድር የሚሮጥ ጎልማሳ እንግዳ ነገር ነበር። ዩጂን ከሌሎች ከተሞች ቀድማ ለመደችው። ባወርማን ከናይኪ ጫማ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ መሆናቸው ብዙ ተወርቶለታል፤ ለእኔ ግን ከጫማው የሚበልጠው ተራውን ሰው ከቤቱ ማስወጣታቸው ነው።

የወጣው ሰው የት ይሩጥ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለገው የባወርማን ተማሪ ስቲቭ ፕሪፎንቴይን ነው። በየዓመቱ ዩጂን ላይ የሚካሄደውና የእኛ አትሌቶች የማይቀሩበት «ፕሪፎንቴይን ክላሲክ» በስሙ የተሰየመለት ወጣት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የሙኒክ ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር አራተኛ ወጥቷል። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ የ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ ያመለጠው በዚያው ኦሎምፒክ ነው። ፕሪ፣ የከተማው ሰው እንዲህ ነው የሚጠራው፣ ለውድድር ወደ አውሮፓ ሲመላለስ ለሯጭ ተብለው በደን ውስጥ የተዘጋጁ ለስላሳ መንገዶችን አየ፤ ለከተማውም እንዲህ ያለ መንገድ እንዲሠራ ወተወተ። ግንቦት 30 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. በ24 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። የዚያን ጊዜ ከ2,000 እስከ 10,000 ሜትር ያለው የአሜሪካ ክብረ ወሰን ሁሉ የእሱ ነበር። መንገዱ የተሠራው በዚያው ዓመት ነው፤ ስሙም «የፕሪ መንገድ» ተባለ።

የፕሪ መንገድ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ያለው በወንዙ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ አልተን ቤከር በሚባለው ሰፊ ፓርክ ውስጥ ነው። አንድ ወጥ ክብ አይደለም፤ አጫጭርና ረጃጅም ዙሮች እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ሯጩ እንደ ጉልበቱ ቆርጦ ይመለሳል ወይም ይቀጥላል። አንዴ በገላጣ ሣር፣ አንዴ በወንዝ ዳር ዛፎች ጥላ፣ አንዴ ደግሞ በፓርኩ ቦይ አጠገብ ያልፋል። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ጀማሪውንም ሻምፒዮኑንም እኩል ያስተናግዳል። ታምራትና ጎተይቶም ያሸነፉት ማራቶን የተጀመረውም የተፈጸመውም ከዚህ መንገድ ብዙም በማይርቀው በኦትዘን ስታዲየም ደጃፍ ነበር።

መሬቱ ላይ ስለተነጠፈው ነገር ጥቂት ልበል፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነውና። የተነጠፈው የተከተፈ የዛፍ ቅርፊትና የእንጨት ፍርፋሪ ነው፤ ከሰጋቱራ ይልቅ ሻካራና ትልልቅ። ለበዓል እንደተጎዘጎዘ ቄጤማ መሬቱን ይሸፍነዋል። ኦሪገን ውስጥ ዳግላስ ፈር የሚባለው ግዙፍ ዛፍ ለጣውላ ሲሰነጠቅ ቅርፊቱ የሚጣል ትርፍ ነበር። ዩጂን ያንን ትርፍ ከእግር በታች አነጠፈችው። እግር ሲያርፍበት በጥቂቱ ስለሚሰምጥ ምቱ እንደ አስፋልት ወይም እንደ ሲሚንቶ ድንገተኛ አይሆንም። በሌላ በኩል ጉልበት ይበላል፤ ቁርጭምጭሚትም ሚዛን ለመጠበቅ አብዝቶ ይሠራል። ስለዚህ ፍጥነት የሚፈልግ ሯጭ መም ላይ ይሄዳል፤ ለረጅሙና ለቀላሉ ልምምድ፣ ከከባድ ውድድር ማግስት ላለው ሶምሶማ ቅርፊቱን ይመርጣል።

ሁለተኛው ጥቅሙ ከዝናብ ጋር የተያያዘ ነው። በዩጂን ዝናቡ ከመኸር እስከ ጸደይ ወራት ይዘልቃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ባዶ አፈር ቢሆን መንገዱ ጭቃ ይሆን ነበር። ውሃው በቅርፊቱ መካከል ሰርጎ ስለሚወርድ ሯጩ በጥር ዝናብም ሳያዳልጠው ይሮጣል። ዋጋውም ግልጽ ነው፤ ቅርፊት ይበሰብሳል። በየጊዜው አዲስ ካልተደፋበት መንገዱ ተመልሶ አፈር ይሆናል። እንዲህ ያለው መንገድ ተሠርቶ፣ ሪባን ተቆርጦለት የሚረሳ አይደለም፤ የሚጠብቀው ከተማ ይፈልጋል። ዩጂን ግማሽ ምዕተ ዓመት ጠብቃዋለች፤ ከሁሉም በላይ የማደንቃት በዚህ ነው።

በወንዙ ግራና ቀኝ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ይሄኛው ጠንካራ ንጣፍ ያለው፣ ሯጭና ብስክሌተኛ የሚጋሩት ነው። ርዝመቱ ወደ 19 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የቀድሞዋ ከንቲባ የሩት ባስኮም ስም ተሰጥቶታል። በእግረኛና በብስክሌት ድልድዮች ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው እየተሻገሩ የሚፈልጉትን ያህል ዙር መሥራት ይቻላል። ልጆች ይዞ ለሚሮጥ ሰው እዚህ የማይረሳ ነገር አለ። ፓርኩ ውስጥ ፀሐይን የሚወክል ሐውልት ቆሟል፤ ከእሱ ጀምሮ ፕላኔቶቹ አንድ ቢሊዮን ጊዜ አንሰው እውነተኛ ርቀታቸውን ጠብቀው ተተክለዋል። አንድ ሜትር አንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። መሬት ከፀሐይ 150 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ፕሉቶ ጋ ለመድረስ ግን ወደ 6 ኪሎ ሜትር መሮጥ ያስፈልጋል። የጠፈርን ስፋት በእግር የሚያስተምር መንገድ ነው።

ከወንዙ ወደ ደቡብ፣ መኖሪያ ሰፈሮች መሀል፣ አማዞን የሚባል ትንሽ ጅረት ይወርዳል። እሱን ተከትሎ የሚሄደው የቅርፊት መንገድ የሠፈር ሰው መንገድ ነው፤ ሰው ከቤቱ በእግሩ መጥቶ ይሮጥበታል። በምሥራቅ በኩል ያለው ሄንድሪክስ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1906 የተመሠረተ፣ የከተማዋ አንጋፋ ፓርክ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሮዶደንድሮን የሚባሉት አበቦች ሲፈነዱ ማየት ነው። ከፓርኩ ጥቂት ራቅ ብሎ ፕሪፎንቴይን የሞተበት ቋጥኝ አለ፤ ከመላው ዓለም የሚመጡ ሯጮች ሜዳሊያቸውን፣ የደረት ቁጥራቸውን፣ ያረጀ ጫማቸውን እዚያ አስቀምጠው ይሄዳሉ።

ዳገት ለሚወድ ሰው ከተማዋን በደቡብ የሚያዋስነው ተረተር አለ። «ሪጅላይን» የሚባለው የደን መንገድ በጠቅላላው ከ19 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ከፍተኛው ቦታ ስፔንሰር ቢዩት ነው። ጫፉ 626 ሜትር ላይ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ ላይ ለለመደ ሳንባ አየሩ ምንም አይደለም፤ አቀበቱ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ሥርና ድንጋይ ስለሚበዛበት ዓይን ከመሬት መነሳት የለበትም። ከላይ ሲደርሱ ሸለቆው በሙሉ ይታያል። እዚህ ከሁለት ነገር መጠንቀቅ ያሻል። አንደኛው ፖይዝን ኦክ የሚባል ቁጥቋጦ ነው፤ ሦስት ሦስት ሆነው የሚወጡት ቅጠሎቹ የነኩት ቆዳ ለቀናት ያሳክካል። ሁለተኛው ጫፉ አካባቢ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ መርዘኛ እባብ ነው። ከመንገዱ አለመውጣት ለሁለቱም መድኃኒት ነው። ከከተማው ውጪ ማውንት ፒስጋ የሚባል ሌላ ኮረብታም አለ፤ ገላጣ ስለሆነ ለፀሐይ መውጫ የተሻለ ነው።

ፖርትላንድ ወይም ሲያትል የምትኖሩ ወገኖች ልትሄዱ ካሰባችሁ የአበባ ብናኝ አለርጂ ያለበት ሰው ግንቦት መጨረሻንና ሰኔን ይተው። ሸለቆው የሣር ዘር የሚመረትበት ስለሆነ በእነዚያ ሳምንታት ብናኙ ዓይንና አፍንጫ አያስከፍትም። ነሐሴ ላይ ደግሞ በአንዳንድ ዓመታት የሰደድ እሳት ጭስ ይመጣል። መስከረም ጥሩ ነው።

የእኛ ሯጮች ለስላሳ መሬት ፍለጋ በሌሊት ተነስተው በአውቶቡስ እስከ ሰንዳፋና ሱሉልታ ይሄዳሉ። ሠራተኛውና ተማሪው ግን እዚያ ድረስ መሄጃ ጊዜ የለውም፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚያገኘው አስፋልትና ንጣፍ ድንጋይ ነው። የሐዋሳን፣ የባሕር ዳርን፣ የአዳማን፣ የደብረ ብርሃንን ፕላን የምታወጡ ባለሙያዎች፦ ሐይቅ ዳር ወይም ወንዝ ዳር አዲስ የእግረኛ መንገድ ስታነጥፉ ከጎኑ የሁለት ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ መሬት ለሯጭ ተዉ። ከየጣውላ ቤቱ የሚወጣውን ቅርፊት አልብሱት። በየዓመቱ የሚታደስበትንም በጀት ከመጀመሪያው ያዙለት።