የዲስክ ማርጀትና የወገብ ሕመም፦ መቼ መታገሥ፣ መቼ መፍጠን ይገባል?

በአጨዳ ወቅት ጎንበስ ብሎ የዋለ አርሶ አደር፣ ኩንታል ሲያወርድ የዋለ ጫኝና አውራጅ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ የሠራ የቢሮ ሠራተኛ ማታ ላይ የሚያሰሙት እሮሮ ተመሳሳይ ነው፤ “ወገቤን ቆረጠኝ”። ብዙዎችም “ኩላሊቴ ነው” ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኩላሊት የለበትም። የኩላሊት ሕመም በአመዛኙ ከጎድን አጥንት ሥር በአንድ ጎን የሚሰማ፣ ብዙ ጊዜ ከትኩሳት ወይም ከሽንት ለውጥ ጋር የሚመጣ፣ አቀማመጥን በመለወጥ የማይቀል ነው። ከወገብ የሚነሣው ሕመም በአንጻሩ ጎንበስ ሲሉ፣ ብዙ ሲቀመጡ ወይም ዕቃ ሲያነሡ ይብሳል፤ ጋደም ሲሉ ደግሞ ረገብ ይላል።

የታችኛው ወገባችን 5 አጥንቶች አሉት። በየአጥንቶቹ መካከል ዲስክ የሚባል ትራስ መሰል አካል ይገኛል። የዲስኩ ዙሪያ በተደራረቡ ጠንካራ ጭረቶች የተሠራ ሲሆን፣ መኻሉ ውኃ ያዘለ ለስላሳ ነገር ነው። በአዋቂ ሰው ዲስክ ውስጥ የደም ሥር የለም ማለት ይቻላል፤ ምግቡን የሚያገኘው ከአጎራባች አጥንቶች በዝግታ ከሚሰርገው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ሲጎዳ እንደ ቆዳ ቁስል ፈጥኖ አይጠግንም። ዕድሜ ሲገፋ ውኃው ይቀንሳል፣ ቁመቱ ያጥራል፣ ዙሪያው ይሰነጠቃል። የዲስክ ማርጀት የሚባለው ይህ ነው።

በስንጥቁ በኩል የመኻሉ ክፍል ገፍቶ ሲወጣና ነርቭ ሲነካ በተለምዶ “የዲስክ መንሸራተት” ይባላል። ስያሜው ግን ያሳስታል። ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር የተያያዘ በመሆኑ ከቦታው አይንሸራተትም። ካልተንሸራተተ ደግሞ ገፍቶ ወደ ቦታው የሚመልሰው እጅ የለም። “ዲስኩን አስገባልሃለሁ” የሚል ወጌሻ ቢያጋጥም ይህንን ማስታወስ ይበጃል።

“ዲስክህ አርጅቷል” የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን 3 ሺህ 110 ሰዎች የምስል ውጤት አሰባስቦ ነበር። በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት 37 በመቶው፣ በ50 ዓመት 80 በመቶው፣ በ80 ዓመት ደግሞ 96 በመቶው ያረጀ ዲስክ ታይቶባቸዋል። አንዳቸውም ግን ወገባቸውን አላመማቸውም። የዲስክ ማርጀት እንደ ሽበት ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በርግጥ ያረጀ ዲስክ የሕመም ምንጭ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ምስሉ ብቻውን ማን እንደታመመ አይናገርም። የአደጋ ምልክት ሳይኖር፣ ሕመሙ በጀመረ በሳምንቱ፣ ከብት ሸጦ ኤምአርአይ ለመነሣት ትልቅ ከተማ መሄድ ብዙውን ጊዜ የሕክምናውን አቅጣጫ አይለውጥም። ገንዘቡ ለፊዚዮቴራፒ ቢውል ይሻላል።

ዲስክን የሚያስረጀው የሥራ ክብደት ብቻ ነው የሚለው እምነትም መታረም አለበት። በፊንላንድ 115 ጥንድ ተመሳሳይ መንትያ ወንዶችን ያነጻጸረ ጥናት፣ ከሥራ ጫና ይልቅ ውርስና አብሮ ማደግ እጅግ የላቀ ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል። ማጨስም ዲስክን ይጎዳል። ሸክም በማስረጀት ረገድ ድርሻው ትንሽ ቢሆንም፣ ሕመሙን በመቀስቀስ ረገድ ግን ቀላል አይደለም።

የሕክምናው ዋና መሠረት እንቅስቃሴ ነው። “ተኝተህ እረፍ” የሚለው የቆየ ምክር ዛሬ ተቀባይነት የለውም። ሕመሙ ሲጠና አንድ ሁለት ቀን ሥራ መቀነስ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ አልጋ ላይ መዋል ግን የወገብን ጡንቻ ያደክማል፣ ፍርሃትን ያበዛል፣ ማገገምን ያዘገያል። በየዕለቱ በሜዳማ ቦታ በእግር መሄድና ርቀቱን ቀስ በቀስ መጨመር ጥሩ መነሻ ነው። በጀርባ ተንጋሎ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ዳሌን ከመሬት ማንሣትና ጥቂት ቆይቶ ማውረድ የወገብንና የመቀመጫን ጡንቻ ያጠነክራል። በእንቅስቃሴ ጊዜ መጠነኛ ሕመም ቢሰማ ዲስኩ እየተቀደደ ነው ማለት አይደለም። ሕመሙ ወደ እግር እየወረደ የሚብስ ከሆነ ግን ያንን እንቅስቃሴ ማቆምና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ትምህርትንና የአካል ብቃት እንቅስቃሴን ከሚመከሩት ውስጥ አስቀምጧል። በከተሞች በብዛት የሚሸጠውን የወገብ ቀበቶ ደግሞ በመደበኛ ሕክምና እንዳይሰጥ መክሯል።

ሥራ መተው ለማይችል ሰው የአነሣስ ዘዴ ያግዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በጀርመን የወጣ ጥናት በአንድ ፈቃደኛ ሰው ዲስክ ውስጥ መለኪያ አስገብቶ ግፊቱን መዝግቧል። ሰውየው 20 ኪሎ ግራም ወገቡን አጉብጦ ሲያነሣ ግፊቱ ቆሞ ከነበረበት ከ4 እጥፍ በላይ ሆነ፤ ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሣ 3 እጥፍ ያህል፤ ዕቃውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ሲይዝ ደግሞ 2 እጥፍ ያህል ነበር። 20 ኪሎ ማለት አንድ ሙሉ ጀሪካን ውኃ ነው። እንግዲህ ጀሪካኑን ከሰውነት ማስጠጋት፣ ሲቻልም በሁለት 10 ሊትር ዕቃ ከፋፍሎ መያዝ ወገብን ያሳርፋል። አጫጅም ቢሆን በየተወሰነ ጊዜ ቀና ብሎ ወገቡን ወደ ኋላ ማሳሳብ፣ ከተቻለም ከነዶ ሰብሳቢው ጋር ሥራ መቀያየር ይችላል። የባጃጅ አሽከርካሪዎችና ልብስ ሰፊዎች ችግራቸው ከሸክም ይልቅ መቀመጥ ነውና ቶሎ ቶሎ መነሣት አለባቸው።

እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ለጥቂት ቀናት ሕመሙን ያቀልላሉ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ግን ሐኪም ሳያዝዝ መውሰድ የለባቸውም። “መርፌ ይወጋልኝ” የሚሉ ብዙዎች ናቸው። መርፌው ዲስኩን አያድስም፤ ክኒን መዋጥ ለሚችል ሰውም ከክኒኑ ይህ ነው የሚባል ብልጫ የለውም። በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግና ለስላሳ መታሸት ጉዳት የላቸውም። በጋለ ብረት መተኮስ ግን በሕመሙ ላይ ቁስል መጨመር ነው፤ ወገብን በኃይል መጠምዘዝም ነርቭ የተነካበትን ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ነርቭ ሲነካ ሕመሙ ከመቀመጫ ተነሥቶ በጭን በኩል እስከ እግር ይወርዳል፤ ይቆጠቁጣል፣ ያደነዝዛል። ይህም ቢሆን በብዙዎች ላይ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፤ ገፍቶ የወጣውን ክፍል ሰውነት ራሱ ሊመጥጠው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለባቸውን 283 ሰዎች ቶሎ ቀዶ ሕክምና በሚደረግላቸውና በሚጠብቁ ለሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። ቶሎ የታከሙት ከሕመሙ ፈጥነው ተገላግለዋል፤ ከዓመት በኋላ ግን በሁለቱም ወገን ያገገሙት 95 በመቶ ነበሩ። ከጠበቁት ውስጥ 39 በመቶው ኋላ ቀዶ ሕክምና ማድረጋቸውም መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ ለሳምንታት ታግሦ ያልተሻለው ሰው ቀዶ ሕክምናን መፍራት አይገባውም። ወደ እግር የማይወርድ የወገብ ሕመም ብቻ ላለበት ግን የቀዶ ሕክምና ጥቅም አጠራጣሪ ነው።

መታገሥ የማይገባባቸው ምልክቶች አሉ። ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ፣ ሕመሙም ሌሊት ተኝተው እንኳ የማይለቅ ከሆነ፣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ሳል ሳይኖር አጥንትን ይበላል፤ ቶሎ ካልታወቀ ያጎብጣል፣ እግርንም ሽባ ያደርጋል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ያልፈላ ወተት ለሚጠጡና ከብት ለሚያዋልዱ ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታ ተመሳሳይ ሕመም ያመጣል። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የጀመረ፣ ወይም ካንሰር ታክሞ በሚያውቅ ሰው ላይ የታየ ሕመምም ምርመራ ይፈልጋል።

ከሁሉም የከፋው ሽንት እምቢ ሲል ወይም ሳይታወቅ ሲያመልጥ፣ በጭኖች መካከልና በመቀመጫ አካባቢ ሲደነዝዝ፣ እግር እየሰነፈ ሲሄድ ነው። በዚያው ዕለት ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፤ በሰዓታት መዘግየት ዘላቂ ጉዳት ሊያስከትል ይችላልና። ብዙ ሰው ይህንን አፍሮ ወገቤን አመመኝ ብቻ ይላል። ለጤና ባለሙያው አስቀድሞ መነገር ያለበት ግን የሽንቱና የመደንዘዙ ነገር ነው።