ማጂካርፕን አትናቁብኝ

ፖኬሞን የፒካቹ ሌላ ስም የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። አይደለም። ፖኬሞን የሚባሉት እየተያዙ የሚሰበሰቡና እርስ በርስ የሚጋጠሙ የቪዲዮ ጨዋታ ፍጥረታት ናቸው፤ ቁጥራቸውም ዛሬ ከ1,000 አልፏል። በልጅነቱ ጥንዚዛ ሲያሳድድ ያደገው ጃፓናዊው ሳቶሺ ታጂሪና ባልደረቦቹ የመጀመሪያዎቹን 151 ይዘው የወጡት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ቆርኪ እየለቀመ፣ ብይ እየተወራረደ ላደገ ሰው የመሰብሰብን ጣዕም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሌላው መሠረታዊ ነገር ደግሞ እያንዳንዱ ፍጥረት አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ያለው መሆኑ ነው፦ ውሃ እሳትን ይረታል፣ እሳት ሣርን፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

የስልኩ ጨዋታ፣ ፖኬሞን ጎ፣ ስዊድን የገባው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ነበር። ስቶክሆልም በ14 ደሴቶች ላይ የተሠራች፣ የሜላረን ሐይቅ ከባልቲክ ባሕር የሚገናኝባት ከተማ ናት። የውሃ ዓይነቶች ደግሞ ውሃ ዳር ይበዛሉ። እኔ እስከዚያ ድረስ ከተማዋን የማውቃት በምድር ውስጥ ባቡር ነበር፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት። ከማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጀምሮ በኖር ሜላርስትራንድ በኩል እስከ ሮላምብስሆቭ መናፈሻ በእግር ያስኬደኝ ማጂካርፕ የሚባል ቀይ ዓሣ ነው።

ስለ እሱ ልንገራችሁ። ማጂካርፕ ሙያው መንፈራገጥ ነው። መንፈራገጡ ማንንም አይጎዳም፤ ጉዳቱ ዜሮ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ላይ አንድ ሻጭ በ500 ይሸጥላችሁና ተታለልን ትላላችሁ። ግን ታግሶ ላሳደገው 20ኛው ደረጃ ላይ ጋያራዶስ ይሆናል፤ ትልቅ፣ ሰማያዊ፣ ቁጡ። በስልኩ ጨዋታ የደረጃው ቦታ በከረሜላ ተተክቷል። ፒካቹን ለመለወጥ 50 ይበቃል፤ ለማጂካርፕ 400 ያስፈልጋል። አንድ ዓሣ ስትይዙ ሦስት፣ ለጨዋታው ፕሮፌሰር ስታስረክቡት አንድ ታገኛላችሁ፤ ስለዚህ ወደ 100 ዓሣ ገደማ ማለት ነው። ባልንጀራ አድርጋችሁት ስትሄዱ ደግሞ በኪሎ ሜትር አንድ ከረሜላ ይሰጣል። በእግር ብቻ ልሙላው ያለ ሰው ከአዲስ አበባ ደሴ የሚያደርስ መንገድ ይጠብቀዋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ደክመው የዓሣውን ምዘና ሳያዩ መጀመሪያ የያዙትን የሚለውጡ አሉ። እባካችሁ እዩት፤ አቅሙ ከአንዱ አንዱ ይለያል። ስልክ ላይ አፍጥጠው የብስክሌት መንገድ ውስጥ የሚገቡትም አሉ። የዚህ አገር ብስክሌተኛ ደወል ይደውላል እንጂ አይቆምላችሁም። ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖም እርምጃ ይቆጥራል፤ ክተቱት።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ጋያራዶስን ዘንዶ ነው ማለት ነው። ዓይነቱ ውሃና በራሪ ነው፤ ዘንዶ አይደለም። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መልኩ የእስያ ዘንዶ ነው። በቻይና አፈ ታሪክ ወንዝ ሽቅብ ወጥቶ የዘንዶውን በር የዘለለ ካርፕ ዘንዶ ይሆናል። በመጀመሪያው ጨዋታ የዘንዶዎች ጌታ የሚባለው ላንስ እንኳ ጋያራዶስን ይዞ ይገጥማል። ይሁንና ከ151ዱ የዘንዶ ዓይነት የነበራቸው ድራቲኒ፣ ድራጎኔርና ድራጎናይት ብቻ ናቸው። ይህ የስም ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ዘንዶ ነው ብሎ በበረዶ የሚመታው ሰው ምን ይገጥመዋል? በረዶ በራሪን ይጎዳል፣ ውሃ ግን ይቋቋመዋል፤ ተጣፍቶ ተራ ምት ይሆናል። የዘንዶ ጥቃትም ያው ተራ ነው። ኤሌክትሪክ ግን ውሃንም በራሪንም ስለሚጎዳ ጉዳቱ እጥፍ ድርብ ነው፤ በዋናዎቹ ጨዋታዎች አራት እጥፍ። ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ የሚፈራው የኤሌክትሪክ አይጧን የፒካቹን ብልጭታ ነው።

ባለፈው በጋ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ ውሃ ዳር ካለ አንድ ጂም (ተጫዋቾች ፖኬሞን አስቀምጠው የሚይዙት የጨዋታው የፍልሚያ ቦታ) አጠገብ ዐሥር ዓመት የሚሆነው የሐበሻ ልጅ አገኘሁ። ጋያራዶስ ጂሙን ይዞታል፤ ልጁ በድራጎናይት ይታገላል፣ አልሆነለትም።

«ፒካቹ የለህም?» አልኩት።

«አለኝ፤ ግን ትንሽ ናት ጋሼ። እሱ እኮ ዘንዶ ነው።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት። እናቱ በስልክ «የት ደረስክ?» ስትለው «መጣሁ እማ፣ አንድ ደቂቃ» አላት፤ አንዱ ደቂቃ ሃያ ሆነ። ፒካቹን አወጣት። እኔም በኤሌክትሪክ አገዝኩት፤ ደጋግመን ገጥመን ጋያራዶሱ ከጂሙ ወጣ።

ባዶው ጂም ላይ የራሱን ለማስቀመጥ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸ። ድራጎናይቱን አለፈው፣ ፒካቹንም አለፋት። ያስቀመጠው ማጂካርፕ ነበር።