በሰዓቱ ያልደረሰ መድኃኒት

ባሕር ተሻግረው ወደ አሜሪካ ከሄዱት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ዛሬ አርጅተዋል። ልጆቻቸው ሌሊትና ቀን በሥራ ላይ ስለ ሆኑ፥ ወላጆቻቸውን «ነርሲንግ ሆም» በሚባለው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ለማኖር የሚገደዱ አሉ። በዚህ የሚነቅፏቸው አይጠፉም፤ እኛ ግን ነቀፋውን ትተን፥ እዚያ የገባው አረጋዊ መድኃኒቱን በሰዓቱ ያገኝ ዘንድ ምን ሊደረግ እንደሚገባ ብንነጋገር ይሻላል እንላለን።

በሜሪላንድ በአንድ መጦሪያ ቤት የሚኖሩ፥ ፓርኪንሰን የሚባለው ደዌ የያዛቸው እናት አሉ። አንድ ቀን ጠዋት ልንጠይቃቸው ብንሄድ እንደ ሐውልት ደርቀው አገኘናቸው፤ ምራቃቸውን ለመዋጥ እንኳ ይቸገሩ ነበር። «ደክሟቸው ነው» ተባልን። ኋላ ሲጣራ የጠዋቱ ክኒን ዘግይቶ ኖሯል። ከተሰጣቸው በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እጃችንን ይዘው መረቁን።

ይህን ደዌ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1817 ዓ.ም. ገልጦ የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ በአንጎል ውስጥ ያነሰውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይተካል፤ ነገር ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ እኩሌታው ከደም ይጠፋል። ደዌው ሲጠና ጥቂት መዘግየት እንኳ ሰውን ያስራል፤ በድንገት ማቋረጥማ ለሞት እስከ ማድረስ ይደርሳል። በብዙ መጦሪያ ቤቶች ግን ነርሷ ብዙ ሰው ስለሚጠብቃት፥ ክኒኑ ከታዘዘበት አንድ ሰዓት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ እንደ ስሕተት አይቈጠርም። ስለዚህ ሐኪሙ በትእዛዙ ላይ ቁርጥ ሰዓቱን፥ ከ15 ደቂቃ በላይ እንዳይተላለፍም ጭምር፥ እንዲጽፍ ቤተ ሰቡ መጠየቅ ይገባዋል።

የእኛ ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። እናት «መድኃኒቴ ሁለት ሰዓት ላይ ነው» ሲሉ ጠዋትን ማለታቸው ነው፤ ነርሷ ግን ያንኑ ሰዓት ስምንት ትለዋለች፥ ሁለት ስትባልም ከቀትር በኋላ ያለው ይመስላታል። ይህ የሚያስቅ ይመስላል፤ ለታመመው ግን አያስቅም።

የምግቡም ነገር አለ። ሥጋና ወተት ብቻ ሳይሆኑ ሽሮና ምስርም መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይሻሙታልና፥ ክኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ቢወሰድ መልካም ነው። ጾም ነው ብለው ክኒኑን እስከ ቅዳሴ መውጫ የሚያቆዩ አረጋውያንም የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለድውይ ጾምን ታቀልላለች።

በአሜሪካ ሕግ መሠረት ሐኪም አረጋዊውን በመጀመሪያዎቹ 90 ቀኖች በየ30 ቀኑ፥ ከዚያም ቢያንስ በየ60 ቀኑ ሊያየው፥ መድኃኒት ቀማሚም የሚወስደውን ሁሉ በየወሩ ሊመረምር ይገባል። ይሁን እንጂ የቤቱ ሐኪም የነርቭ ሐኪም አይደለም። ለቅዠት የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል፥ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፥ ሁለቱም ዶፓሚንን የሚያግዱ ስለ ሆኑ ይህን በሽተኛ ይጎዳሉ። የነርቭ ሐኪም እንዲያየው፥ አስተርጓሚም እንዲቀርብለት መጠየቅ መብት ነው፤ የሚሰማ ከታጣ በየክፍለ ግዛቱ ለመጦሪያ ቤቶች የተሾመ እንባ ጠባቂ አለ።

የእኒያ እናት ልጅ ትእዛዙን አስለወጠች፤ ሰዓቱንም በሁለቱም አቈጣጠር ጽፋ ከአልጋው በላይ ሰቀለች። ባለፈው ስንሄድ ነርሷ ወረቀቱን እያየች፥ ክኒኑን በእጇ ይዛ፥ በአማርኛ «ሁለት ሰዓት» ስትል ሰማናት።