የደቡብ ቆላማ ከተሞች መሥሪያ ቤቶችን እንደ አንድ ቢሮ የሚያገናኘው የኔትወርክ ተነል፦ አሠራሩና የሚሻው ጥንቃቄ

ከአርብቶ አደር ቀበሌ ተነስቶ ዞን ከተማ ድረስ የመጣ ባለጉዳይ በአገልግሎት መስኮት ደጋግሞ ከሚሰማቸው መልሶች አንዱ «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ወይም የመስመር መቋረጥ ነው። ይሁንና መስመሩ ደህና ሆኖ ሳለ፣ በላዩ የተዘረጋው ግንኙነት በአግባቡ ባለመዋቀሩ ብቻ አገልግሎት የሚቆምበት ጊዜም አለ። ይህ ጽሑፍ የኢተርኔት ልውውጥን በአይፒ መረብ ላይ የሚያሸጋግረውን፣ በባለሙያዎች ዘንድ «ተነል» እየተባለ የሚጠራውን አሠራር ለሥራ ኃላፊዎችና ለመንግሥት ሠራተኞች ለማብራራት የተዘጋጀ ነው።

በአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በመረብ የማስተሳሰሩ ተግባር በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ሥራ በገባው የወረዳ ኔት ፕሮጀክት አማካይነት ሰፊ መሠረት እንደያዘ ይታወቃል። ፕሮጀክቱ የፌዴራል፣ የክልል፣ የዞንና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በምድር መስመርና በሳተላይት በማገናኘት የቪዲዮ ኮንፈረንስ፣ የኢንተርኔትና የድምፅ አገልግሎት ተጠቃሚ ለማድረግ ያለመ ነበር። ከዋና ዋና መስመሮች ርቀው ለሚገኙ ወረዳዎች በግቢያቸው የሚተከለው የቪሳት ሳህን መፍትሔ ሆኖ አገልግሏል። ከአዲስ አበባ በዲላና በቡሌ ሆራ አድርጎ ወደ ያቤሎ፣ ሜጋና ሞያሌ የሚዘልቀው ዋና መንገድ ነገሌ ቦረናን አይነካም። ነገሌ በአዶላ በኩል የምትደረስ ስትሆን፣ ከእርሷ ወደ ፊልቱና ዶሎ አዶ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ወደ ሶማሌ ክልል ይገባል። በእንዲህ ያለ አካባቢ አንዱ ቢሮ ከሌላው በራሱ ኬብል ሊገናኝ ስለማይችል፣ የጋራ የሆነውን የአይፒ መረብ መጠቀም የግድ ይሆናል።

ነገሌ ቦረና ለጉዳዩ ጥሩ ማሳያ ናት። ከተማዋ አስቀድሞ በቦረና ዞን ሥር ነበረች። የጉጂ ዞን ራሱን ችሎ ሲዋቀር የዚያ ዞን መቀመጫ ሆነች። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የምሥራቅ ቦረና ዞን ሲመሠረት መቀመጫነቷ ለአዲሱ ዞን ሆኗል። መዋቅር በተለወጠ ቁጥር መዝገብ፣ ሠራተኛና የኮምፒውተር ሰርቨር ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራሉ። ሰርቨሩ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ቀድሞ ይጠቀሙበት የነበሩት ኮምፒውተሮች በአሮጌው አድራሻ ሊያገኙት አይችሉም። ሁሉም እንደገና እስኪዋቀሩ ድረስ ሥራው እንዳይቋረጥ ከሚያስችሉ ዘዴዎች አንዱ ተነል ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ወደ መዝገብ ቤት ልማድ መመለስ ይበቃል። ኢተርኔት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል እንደሚዘዋወር የውስጥ ማስታወሻ ነው። በላዩ የሚጻፈው የክፍሉ መጠሪያ ብቻ ስለሆነ ከግቢው ውጭ ለማንም ትርጉም አይሰጥም። አይፒ በአንጻሩ ሙሉ አድራሻ ተጽፎበት ከከተማ ወደ ከተማ የሚላክ ደብዳቤ ነው። ተነል ማለት የውስጥ ማስታወሻውን እንዳለ በፖስታ አሽጎ፣ የሌላውን ከተማ አድራሻ ጽፎበት መላክ ማለት ነው። መንገድ ላይ ያሉት ራውተሮች የሚያዩት የውጭውን አድራሻ ብቻ ነው። በተቀባዩ ከተማ የሚገኘው መሣሪያ ፖስታውን ከፍቶ ማስታወሻውን በዚያው ቢሮ እንደተጻፈ አድርጎ ያሰራጨዋል። በዚህም የነገሌና የያቤሎ ኮምፒውተሮች በአንድ ስዊች ላይ እንደተሰኩ ያህል ይነጋገራሉ።

ይህን ለመፈጸም የተለያዩ ደንቦች ወጥተዋል። ኢተርአይፒ የተሰኘው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ኤልቱቲፒ ቨርዥን ሦስት በ2005፣ ቪኤክስላን ደግሞ በ2014 ታትመዋል። ማይክሮቲክ የተባለው የላትቪያ ኩባንያ በራውተሮቹ ላይ ያቀረበው ኢኦአይፒ የተሰኘ ዘዴ ቀደም ሲል የነበረውን ጂአርኢ የተባለ ደንብ መነሻ ያደረገ ነው። ዘዴዎቹ በስም ቢለያዩም አወቃቀራቸው በሚከተሉት ነጥቦች ይመሳሰላል።

በቅድሚያ በሁለቱም ጫፍ የሚገኙት ራውተሮች የማይለዋወጥና እርስ በርስ የሚደራረስ የአይፒ አድራሻ ሊኖራቸው ይገባል። ጂአርኢ በፕሮቶኮል ቁጥር 47፣ ኢተርአይፒ በቁጥር 97 ስለሚጓዙ በመካከል ያለ ፋየርዎል ካላወቃቸው ያግዳቸዋል። ቪኤክስላን በዩዲፒ ፖርት 4789 ስለሚያልፍ አድራሻ በሚቀይሩ መሣሪያዎች በኩል ለማለፍ ይቀለዋል። ቀጥሎ የተነሉ መለያ ቁጥር በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሆኖ ይሞላል። ከዚያም ተነሉና የቢሮው የውስጥ ፖርት «ብሪጅ» በሚባለው የማገናኛ ክፍል ይቀላቀላሉ። ወደ ውጭ የሚወስደው ፖርት ግን ከብሪጁ ውስጥ መግባት የለበትም። የሌላውን ጫፍ የውጭ አድራሻ የሚያደርሰው መንገድም በራሱ በተነሉ በኩል እንዳያልፍ መረጋገጥ አለበት። ያ ከሆነ ፖስታው ራሱን መልሶ በፖስታ የሚያሽግ ይሆንና ግንኙነቱ ይወድቃል።

በሥራ ላይ ይበልጥ የሚያስቸግረው የመጠን ጉዳይ ነው። ፖስታ የራሱ ክብደት እንዳለው ሁሉ ተነልም በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ጭማሪ ያስከትላል። በተለመደው መስመር አንድ ፓኬት ከ1500 ባይት ሊበልጥ አይችልም። ከዚህ ላይ ኢተርአይፒ 36፣ ኢኦአይፒ 42፣ ቪኤክስላን 50 ባይት ለፖስታው ይወስዳሉ። ስለዚህ ለውስጡ ፓኬት የሚቀረው እንደ ቅደም ተከተላቸው 1464፣ 1458 እና 1450 ባይት ነው። ኮምፒውተሮቹ ይህን ሳያውቁ 1500 ባይት ቢልኩ፣ ትልልቆቹ መልእክቶች ተቆራርጠው ይጓዛሉ፤ አለዚያም ያለ ማስጠንቀቂያ ይጣላሉ። ትንንሾቹ ግን ያልፋሉ። ባለሙያው በፒንግ ሲሞክር መልስ ያገኛል፤ ሠራተኛው ቅጹን ሲከፍት ገጹ ባዶ ሆኖ ይቀራል። «ኔትወርክ አለ፣ ሲስተም የለም» የሚለው አነጋገር ከሚፈጠርባቸው ሁኔታዎች አንዱ ይኸው ነው። መፍትሔው በሁለቱም ጫፍ ልኩን አስተካክሎ መሙላትና፣ ፒንጉን እንዳይቆራረጥ ታዝዞ በትልቅ መጠን መፈተሽ ነው። በኢኦአይፒ ላይ የ1430 ባይት ፒንግ፣ ራስጌው 28 ባይት ሲታከልበት፣ በትክክል 1458 ይሞላል። ይህ ካለፈ ልኩ ደህና ነው።

ሌላው አደጋ የመልእክት መዞር ነው። የአይፒ ፓኬት ስንት ራውተር ካለፈ በኋላ መጥፋት እንዳለበት የሚገልጽ ቁጥር ይይዛል፤ የኢተርኔት ፍሬም ግን ይህ የለውም። አንድ ቢሮ አንዱን ተነል በፋይበር፣ መጠባበቂያውን በሳተላይት አድርጎ ሁለቱንም በአንድ ብሪጅ ቢያገናኝ፣ ለሁሉም የተላለፈ አንድ መልእክት በአንዱ ሄዶ በሌላው እየተመለሰ ያለማቋረጥ ይዞራል። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥም ሁለቱን ቢሮዎች ሥራ ያስፈታል። ይህን ለመከላከል ስፓኒንግ ትሪ የተባለው የጥበቃ ደንብ እንዲሠራ ማድረግ፣ ወይም መጠባበቂያው ዋናው ሲወድቅ ብቻ እንዲነሳ ማዋቀር ያስፈልጋል።

በቀጭን መስመር ላይ ለሁሉም የሚሰራጩ መልእክቶች ራሳቸው ዋጋ ያስከፍላሉ። በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት በሚያስተላልፍ መስመር አንድ የ1500 ባይት መልእክት ብቻውን 94 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይይዛል። ከምድር ወገብ በላይ በ36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ በሚገኝ ሳተላይት በኩል ደግሞ ጥያቄና መልስ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። አንድ ፋይል ለመክፈት በመቶ የሚቆጠር ጥያቄና መልስ የሚለዋወጥ የቢሮ ፕሮግራም በእንዲህ ያለ መስመር ላይ እንዴት እንደሚንቀራፈፍ ከዚህ መገመት ይቻላል። አድራሻ የሚያድለው ሰርቨር በሌላው ከተማ ከሆነም፣ መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ የተከፈተ ኮምፒውተር በዚያው ሕንፃ ካለው አታሚ ጋር እንኳ መገናኘት ሊሳነው ይችላል። ስለሆነም አድራሻ የማደሉ ሥራ በእያንዳንዱ ቢሮ ለየብቻ መከናወን ይኖርበታል።

የመረጃ ደህንነትም ሊዘነጋ አይገባም። ኢተርአይፒ፣ ጂአርኢና ቪኤክስላን በራሳቸው ምሥጢር አይጠብቁም። ፖስታው ግልጽ ስለሆነ በመንገድ ላይ ያለ ሁሉ ውስጡን ሊያነብ ይችላል። የደመወዝ ዝርዝር፣ የጤና መዝገብ ወይም የተረጂዎች ስም የሚተላለፍበት ተነል አይፒሴክ በተባለው ማመስጠሪያ መሸፈን አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የባለሙያ ምርጫ ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱም ኃላፊነት ነው። ማመስጠሪያው ተጨማሪ ባይቶች ስለሚወስድ፣ ከላይ የተጠቀሰው ልክ በዚያው መጠን ዝቅ ሊል ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት፣ ተነል ጠቃሚ ቢሆንም የመጀመሪያው ምርጫ እንዳልሆነ ነው። ሁለት ቢሮዎች የየራሳቸው አድራሻ ኖሯቸው በተመሰጠረ የአይፒ መስመር ቢገናኙ አብዛኛው ሥራ ይከናወናል፤ የአንዱ ችግርም ወደ ሌላው አይሻገርም። ኢተርኔትን ከከተማ ወደ ከተማ መዘርጋት የሚገባው ሰርቨር በሚዛወርበት የሽግግር ወቅት፣ ወይም ሰርቨሩን በአንድ መረብ ውስጥ ካልሆነ ለማያገኝ የቆየ ፕሮግራም ሲባል ነው። የግዥ ሰነድ የሚፈርም ኃላፊም «ለምን አስፈለገ? እስከ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና የገነና የሀገያ ዝናብ ለአምስት ተከታታይ ወቅቶች በከሸፈበት ድርቅ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚላክ ሪፖርት መዘግየት እህልና የእንስሳት መኖ ከማዘግየት ተለይቶ የሚታይ አልነበረም። እንዲህ ባለ ጊዜ መስመሩን ያዋቀረው ባለሙያ በዝውውር ከሄደ፣ የይለፍ ቃሉም በእርሱ ዘንድ ብቻ ከቀረ ጉዳቱ የከፋ ይሆናል። በመሆኑም የተነሉ መለያ ቁጥር፣ የሁለቱ ጫፍ አድራሻዎች፣ የባይት ልኩና የፍተሻው ውጤት በጽሑፍ ተመዝግበው፣ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ በኃላፊው ካዝና ተቀምጦ፣ እንደማንኛውም የመንግሥት ንብረት በርክክብ ሊተላለፉ ይገባል።