በገዛ እጁ የሠራውን አውሮፕላን የሚሞክር ሰው ትጥቅ

ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ምእመናን በጻፈው መልእክት የጦረኛውን ዕቃ አንድ በአንድ ሲቈጥር የጀመረው ከወገብ ትጥቅ ነው፤ የራስ ቁሩን ያነሣው ወደ መጨረሻው ገደማ ነው። በገዛ እጁ አውሮፕላን ሠርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስነሣው ስለሚደፍር ሰው አለባበስ ሲወራ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጥና የራስ ቁርና ጃንጥላ ይቀድማሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ነፍስ የሚያድነው ቀበቶ የሚታወሰው በስተኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ድፍረት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው ባለ 115 የፈረስ ጉልበት አውሮፕላን፣ በ1928 ዓ.ም. ጠላት ድንበራችንን ጥሶ በሚገሠግሥበት ወራት ተሞክራ በረረች፤ ኋላም ተማርካ ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ ከሰማንያ ዓመት በላይ በባዕድ አገር ከቈየች በኋላ በ2016 ዓ.ም. በወርኃ ጥር ተመለሰች። በእኛ ዘመንም አስመላሽ ዘፈሩ ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት ቪዲዮ በተማረው ጥበብ፣ አሮጌ የቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ፣ ከእናቱ ከኪሮስ ስም የመጀመሪያውን ፊደል፣ ከድካሙም 570 ቀን ወስዶ «ኬ-570ኤ» ያላትን አውሮፕላን ሠራ፤ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ባይሰምርለትም ስሙ በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ።

ስለ ሙከራ በራሪ ትጥቅ የተጻፈው ምክር አብዛኛው በቈላ አየር ለሚበር ሰው የተጻፈ ስለ ሆነ፣ በጉለሌ አንድ ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ብሎን የሚያጠብቅ ሠሪ እንደ ወረደ ሊቀበለው አይገባም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ነው፤ ጉለሌ ደግሞ ከዚያ እየወጣ ሄዶ በእንጦጦ ራስ ላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ቢያንስ አንድ አምስተኛ የሳሳ በመሆኑ፣ 40 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው ሞተር 30 ያህል ቢሰጥ ነው፤ ክንፉም በሳሳው አየር ላይ ክብደቱን ለመሸከም የበለጠ መፍጠን ይኖርበታል። የፍጥነት መለኪያው 80 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነቱ 90 ያህል እየሮጠ ነው፤ የግጭትም ኃይል ከፍጥነቱ ይልቅ አብልጦ ስለሚያድግ፣ ያው አውሮፕላን በዚያው ሰው እጅ ወድቆ ደጋ ላይ ሲያርፍ ምቱ በሩብ ያህል ይከብዳል። ሩቡን ተጨማሪ ምት በመጀመሪያ የሚቀበለው ቀበቶው ነው።

ደኅና ቀበቶ ቢያንስ አራት ጠፍር አለው፦ ሁለቱ ከወገብ፣ ሁለቱ ከትከሻ። የወገቡ የሚያርፈው በሆድ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በዳሌ አጥንት ላይ ነው፤ የትከሻው ሲጠብቅ የወገቡን ወደ ላይ እንዳይስበው በእግር መካከል የሚያልፍ አምስተኛ ጠፍር ቢጨመር ይመረጣል። የትከሻው ጠፍር ከኋላ የሚታሰርበት ስፍራ በትከሻ ልክ ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ መሆን አለበት፤ እጅግ ዝቅ ብሎ ከታሰረ በግጭት ጊዜ አከርካሪውን ቍልቍል ይጨምቀዋል። ሁሉም የሚታሰሩት ከወንበሩ ጋር ሳይሆን ከአውሮፕላኑ አፅም ጋር ነው፤ ወንበሩ ተነቅሎ ከሄደ ታሳሪው አብሮ ይሄዳልና። በሚገባ የታሰረ ሥጋ ምን ያህል እንደሚችል ለማወቅ አሜሪካዊው ሐኪም ኮሎኔል ጆን ስታፕ እ.ኤ.አ. በ1954 በሮኬት በሚገፋ ጋሪ ላይ ተቀምጦ በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከሮጠ በኋላ በ1.4 ሰከንድ ውስጥ ቆመ፤ ከክብደቱ 46 እጥፍ የሚበልጥ ጫና አረፈበት፣ ግን በሕይወት ወጣ። የኛ ሠሪ ይህን አይሞክር፤ ይልቅ ቀበቶውን አጥብቆ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የቤንዚኑን መዝጊያና የሞተሩን ማጥፊያ በእጁ ይፈልጋቸው። ታጥቆ ሳለ እጁ የማይደርስበት መዝጊያ በሥዕሉ ላይ ብቻ ያለ መዝጊያ ነው። ቀጥሎ ዓይኑ እንደ ተጨፈነ ቀበቶውን ይፍታና ይውጣ፤ ሳይቸኩል እስኪወጣለት ይደጋግመው።

ከምት ቀጥሎ የሚያስፈራው እሳት ነው። በዚህ ረገድ ጉለሌ ባለጸጋ ናት፤ ሽሮ ሜዳ የሸማኔው አገር ነውና። ናይለንና ፖሊስተር እሳት ሲነካቸው ቀልጠው ከቆዳ ጋር ይጣበቃሉ፤ ጥጥ ግን ይቃጠላል እንጂ አይቀልጥም፤ የበግ ጠጉርማ ከነበልባሉ ሲለይ ራሱን በራሱ ማጥፋት ይቀናዋል። ስለዚህ ከላይ ምንም ይለበስ፣ ከሥጋ ጋር የሚገናኘው የውስጥ ልብስ እስከ ካልሲው ድረስ ጥጥ ወይም ጠጉር ይሁን። ዛሬ በገበያው ከተፈተለ ጥጥ ጋር የፋብሪካ ክር ተቀላቅሎ ስለሚሸጥ፣ ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት ማየት ነው፦ ጥጡ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ተኰማትሮ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይቋጥራል። ያ ዶቃ በክንድ ላይ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ በጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ያለው፣ ከስሙ ጀምሮ ለቃጠሎና ለአደጋ የተሰየመው የአቤት ሆስፒታል ሐኪም ያውቀዋል። ከላይ የሚለበሰው ቱታ አቅም ላለው ኖሜክስ ቢሆን መልካም ነው፤ ዱፖንት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለገበያ ያወጣው ይህ ጨርቅ አይቀልጥም፣ በብርቱ ሙቀትም ከስሎ ይወፍርና ለመሸሽ ጥቂት ሰከንድ ይገዛል። አቅም ያነሰው በወፍራም የጥጥ ቱታ ይውጣ፤ እጅጌው ግን ወደ ታች፣ አንገትጌውም ተዘግቶ። ጓንቱና ጫማው ቆዳ ይሁኑ፣ የጫማው ማሰሪያም ናይለን አይሁን።

ስለ ራስ ቁር ብዙ መናገር አያሻም። የሞተር ብስክሌት ቁር ከባዶ ራስ ይሻላል፤ ግን ከባድነቱ አንገት ያደክማል፣ ጆሮ ይሸፍናል፣ አገጭ የሚጋርደውም ዓይነት ወደ ታች ማየትን ይከለክላል።

ጃንጥላን በተመለከተ ግን ከብዙዎች ጋር አልስማማም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነሣ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ የሚከዳው ቤንዚን ሳይደርሰው ሞተሩ ሲታፈን፣ ገና ከምድር ጥቂት ሜትር ከፍ እንዳለ ነው፤ በዚያ ከፍታ ከጠባብ ወንበር ተላቆ የሚዘል፣ ዘሎም ጃንጥላው የሚዘረጋለት የለም። ጃንጥላ ጊዜው በኋላ ነው፦ በራሪው ወደ ላይ ወጥቶ ክንፉ አየር የሚለቅበትን ዝቅተኛ ፍጥነት ወይም ትልቁን ፍጥነት ሲፈትን። ያን ጊዜም ቢሆን በሳሳው አየር ላይ ጃንጥላው ከቈላው ይልቅ 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ ስለሚወርድ ለእግርና ለጉልበት ይታሰብ። አሜሪካኖች የናይለን ጃንጥላ በየ180 ቀኑ ተፈትቶ እንደ ገና እንዲታጠፍ በሕግ ያዝዛሉ፤ የጉለሌን ክረምት እርጥበት የሚያውቅ ሰው ትእዛዙን አይንቀውም። አውሮፕላኑን ከነሰው ይዞ የሚወርድ ጃንጥላም አለ፤ ቦሪስ ፖፖቭ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980 ለዚሁ ኩባንያ አቋቁሟል፤ ዋጋው ግን ሙሉ ሞተር ያስገዛል።

የበራሪው ትጥቅ ሲያበቃ የቀሪዎቹ ይጀምራል። ጉለሌ ዳገትና ባሕር ዛፍ ስለ ሆነች በረራው ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ጋር ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ በሜዳውም ዳር የእሳት ማጥፊያ የያዘ፣ ቀበቶው እንዴት እንደሚፈታና ቤንዚኑ በየት እንደሚዘጋ አስቀድሞ የተማረ፣ ጠፍር የሚቈርጥ ስለታም ቢላዋ ያለው ሰው ይቁም። ሊመርቁ የመጡ ሽማግሌዎችና እናቶችም፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ከፕሮፔለሩ ፊትና ጎን ራቅ ብለው ከኋላ ይቁሙ፤ ወደ አውሮፕላኑ የሚጠጋም ሰው ቢኖር ነጠላውንና ጋቢውን አውልቆ ይጠጋ።